ገድዬ የመለስሁት ገብስ

ይህን ነገር ለማንም ተንፍሼ አላውቅም። ለባሌ አልነገርሁም፤ ለእናቴ አልነገርሁም፤ ለንስሐ አባቴማ ጭራሽ። ለእሳቸው የምናዘዘው ሌላ ሌላውን ነው፤ በጾም ቅቤ የነካው ወጥ መቅመሴን፣ ጎረቤቴን ማማቴን፣ እሑድ ቅዳሴ ትቼ መተኛቴን። እሳቸውም አይዞሽ ብለው ስግደት ያዙኛል፤ እኔም ሰግጄ ጉልበቴን እያሸሁ እነሣለሁ። ትንሽ ትንሹን እየዘረገፍሁ ትልቁን ከሥር እደብቃለሁ። በራሴ ከምጸየፈው አንዱ ይኸው ነው፤ ንስሐዬን እንኳ መሸሸጊያ አደረግሁት።

ስለዚህ ለእናንተ ልንገራችሁ። አታውቁኝም፣ አላውቃችሁም። እኔ የሰው አደራ ገድዬ፣ የገደልሁትን ለባለቤቱ መልሼ የሰጠሁ ሰው ነኝ። የገደልሁት ገብስ ነው። አዎ፣ ገብስ። «ለገብስ ነው እንዴ ይህ ሁሉ?» የምትሉ ካላችሁ፣ መሣቁን ለጊዜው ተዉትና እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

ሥራዬ ዘር መፈተሽ ነው። ጎንደር ከተማ ውስጥ ስሙን ከማልጠራው መሥሪያ ቤት ነጭ ካፖርት ለብሼ እውላለሁ። ገበሬ የሚዘራው ዘር ሕያው ነው ወይስ የሞተ? የምንለየው እኛ ነን። እህሉን እርጥብ ወረቀት ላይ እንደረድራለን፣ ሙቀቱን እንጠብቃለን፣ ከዚያ የበቀለውን ከቀረው እንለያለን። ዘር ካልተፈተሸ አይታወቅም፤ የሞተውም ያለውም መልካቸው አንድ ነው። ሰው እኛን የሚያምነው ለዚህ ነው። ከፍተሻው ክፍል ጎን ደግሞ አንድ ቀዝቃዛ ክፍል አለን። በየደጋው እየዞርን ከገበሬው የለመንነው የአያት የቅድመ አያት ዘር ከዚያ ይቀመጣል፤ አንድ ቀን ከባለቤቱ እጅ ቢጠፋ መጥቶ ከእኛ እንዲወስድ ነው። የዚያ ክፍል ቁልፍ በእኔ እጅ ነበር።

አያ ታከለን ያወቅኋቸው በዚያ የልመና ጉዞ ነው። ከዳባት በላይ፣ ብርዱ አጥንት ከሚነካበት መንደር የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ቤታቸው «ውርጬ» የሚሉት ገብስ ነበር፤ ከእናታቸው የወረሱት፣ ፍሬው ጠቆር ያለ፣ ቡቃያው ከመሬት ሲወጣ ከሥሩ እንደ ቀይ ሽንኩርት ልጣጭ የሚቀላ። በዚያ አገር ጥቅምት ላይ፣ ገብሱ ገና ወተት ሲቋጥር፣ ውርጭ ይወርዳል። ጠዋት ሲነሡ ማሳው ነጭ ነው። እሸት ይመስላል፤ ሲያሹት ግን ባዶ ነው። ያን ጊዜ የሌላው ሰው ገብስ ሲመታ ውርጬ ይቆማል። በክፉ ዓመት ያ ቤተሰብ ሳይሰደድ የከረመው በእርሱ ነው። ሌላ ምሥጢር የለውም፤ እንጀራቸው ነበር።

ከዘሩ ስጡኝ ስላቸው አመነቱ። ገብስ በቀዝቃዛ ቤት ይኖራል ስላቸው ሣቁብኝ። እኔ ግን አፌ ቅቤ ነው፤ አለሳልሼ፣ አባብዬ፣ በመጨረሻ ማልሁላቸው። «አያ ታከለ፣ እኛ ዘንድ አይሞትም» አልኋቸው። በማርያም ነው የማልሁት። አውድማቸው ሲያልቅ ራሳቸው ተሸክመው አመጡልኝ።

እህል ከመታሸጉ በፊት መድረቅ አለበት። እርጥበቱን እንደያዘ አየር በማያስገባ ከረጢት የታሸገ ዘር እዚያው ያልበዋል፣ ይሻግታል፣ ይሞታል። ይህን አለማወቅ እችል ነበር? አልችልም፤ ደመወዝ የሚከፈለኝ ይህንን ለማወቅ ነው። ገብሱ ገና ከአውድማ መውጣቱ ነበር፤ በእጄ ሳፍሰው እንኳ ይቀዘቅዘኛል። ማድረቂያው ክፍል ውስጥ ተሰጥቶ መሰንበት ነበረበት። ግን ማግስቱ ከተራ ነው። ታቦታቱ ወደ ቀሐ ይወርዳሉ፤ እኔ ጠጉሬን እሠራለሁ፤ ቀሚሴ ከሰፊው ዘንድ ነው። እስከ ጥምቀት ማግስት ልተወው አልሁና መልሼ ደግሞ አለቃዬ ከበዓል በፊት ጨርሱ ብሏል አልሁ። ደርቋል ብዬ አሸግሁት። አሽጌው ሄጄ እልል አልሁ። የቀሐ ውኃ ሲረጭ ፊቴን ሰጥቼ ተባረክሁ።

ከዚያ ወዲህ በየጊዜው ከረጢቱን ከፍቼ መፈተሽ ነበረብኝ። አልፈተሽሁም። ስጠየቅ ደህና ነው አልሁ። ዓመት አለፈ፣ ደህና ነው አልሁ። መብራት ይጠፋ ነበር፣ ክፍሉም አንዳንዴ ይሞቅ ነበር፤ ማመካኛ ብፈልግ ይኸው ሞልቶልኛል። ግን የሌላው ገበሬ ዘር በዚያው ክፍል፣ በዚያው መብራት ተርፏል። የእርሳቸው ብቻ ነው የሞተው፤ እርጥቡን ያሸግሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ ያ የጦርነት ግርግር መጣ፤ የምታውቁት ነው። የእነ አያ ታከለ ቤተሰብ ሸሽቶ ከርሞ ሲመለስ ጎታው ተገልብጦ፣ ቤቱ ተራቁቶ አገኘው። ከሚበላው ጋራ የሚዘራውም ሄዷል። ታዲያ አያ ታከለ ከዘመድ ቤት ሳያርፉ በቀጥታ እኔ ዘንድ መጡ። ከስተዋል፤ ፊታቸው ግን ብሩህ ነው። ሰው ሁሉ ዘሩን ሲያጣ እርሳቸው አስቀድመው ያስቀመጡ ብልህ ሆነው ነዋ! «ልጄ፣ ያስቀመጥሁትን ልወስድ መጣሁ» አሉኝ። ፈትሼ ልስጥዎ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይመለሱ አልኋቸው። መርቀውኝ ሄዱ።

ከረጢቱን ስቀደው ሽታው አፍንጫዬን መታኝ። ሳይሰጣ ተጠቅልሎ የሰነበተ ጨርቅ ሽታ ነው። ፍሬው እርስ በርሱ ተጣብቆ፣ ላዩ ግራጫ ጸጉር አብቅሎ ጓል ጓል ሆኗል። የዳነ ቢገኝ ብዬ እየለቃቀምሁ እርጥብ ወረቀት ላይ ደረደርሁት። በየጠዋቱ ክዳኑን እያነሣሁ አየሁ። አበጠ፣ ፈነዳ፣ ከዚያ አዠ። በወረንጦ ስይዘው ፍሬው በቅርፊቱ ውስጥ እንደ ንፍጥ ያመልጠኛል። አንድም አልበቀለ። እጄን በሳሙና ታጠብሁ፣ ደግሜ ታጠብሁ፤ ሽታው ከምሳዬ ጋራ አፌ ገባ።

እዚህ ላይ ብቆም ኖሮ ኃጢአቴ ስንፍና ብቻ ነበር። ሄጄ «አያ ታከለ፣ ገድዬብዎታለሁ» ብል ምን ይሆን ነበር? ይቆጡኝ ነበር። ይረግሙኝ ነበር። ቢረግሙኝስ? አለቃዬ ያባርረኝ ይሆናል። ቢያባርረኝስ? እኔ የፈራሁት ግን መባረሩን እንኳ አልነበረም። ያ ብሩህ ፊት በእኔ ላይ ሲጠቁር ማየቱን ነው የፈራሁት። ሰው ፊት ሸጋ ሆኜ መታየት እወዳለሁ። ይህ ነው ሰበቡ፤ ከዚህ የከበረ ሰበብ የለኝም።

ቅዳሜ ገበያ ወርጄ ገብስ ገዛሁ። እህል ተራውን እየዞርሁ፣ እያፈስሁ፣ እያሸተትሁ፣ ጠቆር ያለውን መረጥሁ። ሻጭዋ ለጠላ ነው ወይ ብትለኝ አዎ ለጠላ አልኋት። መሥሪያ ቤት አምጥቼ ፈተሽሁት፤ ይህንንስ በሥርዓቱ ፈተሽሁት! በደንብ በቀለ። ቡቃያው ከሥሩ አረንጓዴ ነው፣ ቅላት የሚባል የለበትም። በአዲስ ከረጢት አደረግሁት፣ የአያ ታከለን ስም ጻፍሁበት፣ አሸግሁት። በቀጠሯቸው ቀን መጥተው ሲቀበሉኝ ከረጢቱን ሳሙት። ቀጥለው እጄን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ አፈፍ አድርጌ ያዝኋቸው፤ ኧረ በስመ አብ፣ እኔ ልጅዎ አይደለሁም ወይ አልሁ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ነው ያን ያልሁት።

ዓመቱ መልካም ሆነ። ውርጭ አልወረደም። የገበያው ገብስ ሸጋ አድርጎ ያዘ። ቡቃያው ከሥሩ ባይቀላ አያ ታከለ ቀዝቃዛ ቤት ስለ ከረመ ነው ብለው አለፉት። አያ ታከለ ለጎረቤትም ከዘሩ አካፈሉ። ለእኔም በእናታቸው ገብስ የተቆላ ቆሎ በፌስታል ቋጥረው አመጡልኝና እስክቀምሰው ቆመው ጠበቁ። ቀመስሁ። የእናትዎ ገብስ እንዴት ይጣፍጣል አልኋቸው። ቆሎው ጉሮሮዬ ላይ ቢሰነቀር ደግ ነበር፤ አልተሰነቀረም፣ በደንብ ወረደ። እንዲህ ያለ ጉሮሮ ነው ያለኝ።

እንዲህ እየዋሸሁ መኖር እችል ነበር ማለት ነው። ነገሩን ያፈረሰችው፣ ማለቴ ያፈረሱት፣ እትዬ አዛለች ናቸው፤ የአያ ታከለ ታላቅ እኅት። ገደሉን ተሻግሮ ካለ መንደር ነው የተዳሩት፤ ባላቸው ሞቶ ብቻቸውን ይኖራሉ። ለእናታቸው ተዝካር ከወንድማቸው ቤት መጡና ከዚያ ገብስ ቆሎ ቀረበላቸው። ዘግነው ቃም አደረጉ፣ ቆም አሉ፣ ይህ የእናቴ ገብስ አይደለም አሉ። በሰው ፊት ነው ያሉት። አያ ታከለ ተናደዱ። መንግሥት በስሜ አሽጎ የሰጠኝን አንቺ በምላስሽ ልታፈርሺው ነው ወይ አሏቸው። እትዬ አዛለችም የዋዛ አይደሉም፤ ያቺ ከተሜ ዘራችንን ለውጣብናለች ብለው ለመንደሩ አወሩ። እኅትና ወንድም ተኳረፉ።

ለካስ እትዬ አዛለች ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚወዱት ቆሎ ስለሆነ፣ ውርጬን በየዓመቱ ከጓሯቸው ዳር ትንሽ ይዘሩ ኖሯል። በዚያ ክረምት ግን በረዶ ጨፍጭፎት የተረፈው ጥቂት ነው። ሽማግሌዎች ገቡና ነገሩን ለምን እዚያው ለተማረችው አታቀርቡም አሏቸው። ለእኔ! ተመልከቱ፤ ሌባዋን ዳኛ አደረጓት። እነርሱ የሚያውቁት ዘር የሚፈትሽ ቤት እንዳለ ነው፤ ፍተሻው የሚናገረው ሞቷል ወይስ አልሞተም የሚለውን ብቻ መሆኑን፣ የማን ገብስ እንደሆነ እንደማይመሰክር አያውቁም። እኔ አውቃለሁ። ይህን ማድረግ አልችልም ብዬ መመለስ ነበረብኝ። እሺ አልሁ።

አብረው መጡ። አያ ታከለ ከበር አጠገብ፣ እትዬ አዛለች ከወንበሩ ጫፍ፣ ሳይተያዩ ተቀመጡ። እትዬ አዛለች የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው ገብሱን ጠረጴዛዬ ላይ አፈሰሱት። ከአንድ ጣሳ አይሞላም። ለፍተሻ ጥቂት ፍሬ ይበቃኛል፤ እኔ ግን ሁሉም ያስፈልገኛል አልኋቸው። ለምን እንደዚያ እንዳልሁ አሁን አውቀዋለሁ፤ ያን ጊዜም የማውቅ ይመስለኛል። እትዬ አዛለች ገብሱን በእጃቸው ሰብሰብ አድርገው ወደ እኔ ገፉት። «ሌላ የለኝም ልጄ፤ አደራ» አሉ።

ጥቂቱን እርጥብ ወረቀት ላይ ደረደርሁት። ጠዋት ጠዋት ክዳኑን አነሣሁ። መጀመሪያ ነጩ ሥር ወጣ፤ ከዚያ ቡቃያው። ሁሉም በቀለ ማለት ይቀላል። ከሥሩ ደግሞ ቀላ፤ ያ የሽንኩርት ልጣጭ ቅላት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ፤ እንባዬ መጣ። ከእኔ እጅ የሞተው ከእትዬ አዛለች ጓሮ ተርፎ ፊቴ ቆሟል! ያን ጣሳ የማይሞላ ገብስ ብንዘራው በሁለት በሦስት ክረምት ለመላው መንደር ይበቃል። እግዜር ሁለተኛ ዕድል ሲሰጥ ከዚህ በላይ ምን ያድርግ? በሳህን አድርጎ፣ በእርጥብ ወረቀት ደርድሮ አቀረበልኝ።

ደስታዬ ቡና ተፈልቶ እስኪጠጣ እንኳ አልቆየም። ይህ ገብስ ሕያው ነው ካልሁ ሰኔ ላይ ይዘሩታል። ከአያ ታከለ ገብስ ጎን ይበቅላል፤ አንዱ ሥሩ ቀይ፣ አንዱ አረንጓዴ። ያን ጊዜ ዕውር እንኳ ያየዋል። ሞቷል ብዬ እንዲሁ ብመልሰውስ? ይዘሩታል፤ እልኸኛ ናቸው። ይበቅላል። ጉዴ ይወጣል።

መሥሪያ ቤታችን የእህል እርጥበት የምንለካበት የማድረቂያ ምድጃ አለ። የቀረውን ገብስ በትሪ ሰጥቼ ከዚያ ከተትሁት። እኔ ነኝ የከተትሁት፤ በራሴ እጅ። ሙቀቱን ዝቅ አድርጌ ነው፤ ከፍ ካለ ይቆላል፣ መልኩ ይለወጣል፣ ይታወቃል። ዘር መልኩን ሳይለውጥ እንዴት እንደሚሞት ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? የተማርሁትን ሁሉ ለዚያ ተጠቀምሁበት። በሙያዬ እንደዚያ ቀን ተጠንቅቄ ሠርቼ አላውቅም።

ረፋዱ ላይ ክፍሉ ቆሎ ቆሎ ሸተተ። የሥራ ባልደረባዬ አንገቱን በበሩ አስገብቶ ምነው፣ ቆሎ ለብቻ ነው እንዴ አለኝ። እርጥበት እየለካሁ ነው አልሁት፤ ሣቅን። ሣቅሁ እላችኋለሁ። ያ ገብስ ከጀርባዬ እየሞተ እኔ ጥርሴን አሳይቼ ሣቅሁ።

ሳህኑ ላይ የበቀሉት ቀሩ። እነርሱን እንኳ አፈር ውስጥ ባስገባቸው፣ ሰው ሳያይ አዘዞ ቤቴ ባጥር ሥር ብተክላቸው ይተርፉ ነበር። ቆሻሻ ቅርጫት ጣልኋቸው። በማግስቱ ስመጣ ከወረቀቱ ሥር ቀና ቀና ብለው ወደ መስኮቱ ዞረዋል። በረኪና አፈሰስሁባቸው። ነጭ ሆነው እስኪተኙ ቆሜ አየሁ። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ ራት ሠራሁ፣ በላሁ፣ ባሌን የዋለበትን ጠየቅሁት።

በቀጠሮው መጡ። ገብሱን በላስቲክ አድርጌ ለእትዬ አዛለች መለስሁላቸውና ፈትሼዋለሁ፣ ዘሩ ሞቷል፣ አይበቅልም አልሁ። የወንድምዎ ገብስ ግን ሕያው ነው፤ እውነተኛው እርሱ ነው አልሁ። አያ ታከለ ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር፤ አልተደሰቱም፤ እኅታቸውን አይተው አቀረቀሩ። እትዬ አዛለች ላስቲኩን ከፍተው ገብሱን በጣታቸው አገላበጡት፣ አሸተቱት። የማድቤታቸው ጭስ ጠረን መስሏቸው ይሆናል። ቀና አሉና ጠየቁኝ።

«በእጄ ነው የሞተው?»

«አዎ እትዬ፣ በእጅዎ ነው» አልሁ።

ይህን ቃል ማን አስገድዶኝ ነው ያልሁት? ዝም ብል ምን ነበረበት? አላውቅም ማለትስ አፌ ያንቀኛል? የገደልሁት እኔ፤ ግድያውን ደግሞ አንሥቼ በአሮጊት መዳፍ ላይ አኖርሁት። ከምድጃውም፣ ከበረኪናውም፣ ከሣቁም ይልቅ ይህ ይብሳል። ሌላውን ከፍርሃት ነው ብል ይህንን ምን ልለው ነው?

እትዬ አዛለች ሰኔ ላይ ዘሩት። ጓሯቸውን በዶማ ቆፍረው፣ ጠዋት ማታ እየወጡ አዩት። አረም እንጂ ሌላ አልወጣ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ውርጩ ወረደ። የአያ ታከለ ማሳ በአንድ ሌሊት ነጣ፤ ከእርሳቸው የወሰዱት ጎረቤቶችም እንዲሁ። ሲያሹት ባዶ ነው። ውርጬ ውርጭ አልቻለም ሲባል መንደሩ ጉድ አለ። አያ ታከለ ኃጢአታችን ቢበዛ ነው አሉ አሉ። የበኩር ልጃቸው ወደ መተማ ለሰሊጥ አጨዳ ወረደ፤ ወባ ይዞት ከርሞ ለጥቂት ነው የተረፈ። በሬያቸውን ሸጡ። ይህን ሁሉ የነገሩኝ ራሳቸው እትዬ አዛለች ናቸው።

የመጡት በቅበላ ሳምንት ነው። ከበሩ ቆመው ሳያቸው ታውቋል አልሁ። እውነቴን ነው፣ ውስጤ ደግሞ ተገላገልሁ አለ። ይጮኹብኛል፣ ይሰድቡኛል፣ ያልቃል። እሳቸው ግን ነጠላቸውን አደግድገው ገቡና እግሬ ሥር ወደቁ። ጉልበቴን ያዙ። ላነሣቸው ብል እምቢ አሉ። ሐሜት ነው ያመጣቸው። ያቺ ከተሜ ዘራችንን ለወጠችው ብዬ ስምሽን በየደጁ አጥፍቼአለሁ፣ ወንድሜን አስቀይሜአለሁ፤ ዘሬን ዘርቼ አየሁት፣ እንዳልሽው ሞቷል፤ በእጄ የገደልሁትን በአንቺ አላከክሁ አሉኝ። ንስሐ አባታቸው ካማሻት ልጅ ይቅርታ ሳትቀበይ ሥጋ ወደሙ አትቀበይም ብለዋቸው ነው ያን ሁሉ መንገድ የመጡት። «ይቅር በይኝ ልጄ» አሉ።

ነፍሳቸው በእኔ አንድ ቃል ላይ ተንጠልጥላ ነበር። እውነቱን ብናገር ያን ጊዜ ነፃ ይወጡ ነበር፤ ገዳይ አይደሉም፣ ሐሜተኛም አይደሉም፤ ያሉት ሁሉ ልክ ነበር፣ ምላሳቸውም ቆሎውን ልክ ነው የለየው። አፌን ከፈትሁ። «ይቅር ለእግዜር» አልሁ። እኔ፣ ይቅር አልኋቸው። ደግፌ አነሣኋቸው፣ ወንበር ሰጠኋቸው፣ ውኃ አመጣሁላቸው። አለቀሱ። እንዴት ያለች ሸጋ ልብ ሰጠሽ ብለው መረቁኝ። ሲወጡ ስመ ክርስትናዬን ጠየቁኝ፤ በጸሎታቸው ሊያስቡኝ። ነገርኋቸው። ወለተ ገብርኤል አልኋቸው።

እትዬ አዛለች በሕይወት አሉ። መንደራቸውን አውቀዋለሁ፤ ማለዳ ሚኒባስ ብይዝ፣ ከመኪና ወርጄ በእግር ብሄድ፣ ከቀትር በፊት ደጃፋቸው እደርሳለሁ። አልሄድሁም። ለእናንተ መጻፍ ቀለለኝ፤ እናንተ ገብሳችሁ አልሞተባችሁም፣ ፊታችሁም አይታየኝም። ይህንንም እጸየፈዋለሁ። ስለዚህ አደራ፣ ከእናንተ መካከል ማንም ሰው ይቅር ይበልሽ እንዳይለኝ። ይቅር ማለት የሚችሉት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ በደለኛዋ ራሳቸው እንደ ሆኑ ያምናሉ። ዛሬም ጠዋት ተነሥተው ወደ ምሥራቅ ዞረው ለወለተ ገብርኤል ጸልየዋል።